ቴስታታ ከመሸጣችን በፊት

የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገዢው ወደ ሱቃችን የሚመጣው ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ መሆኑ ነው። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ይመርጣል፤ ዋጋውን ይከራከራል፤ ካልተስማማውም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ሞተሩ የተበላሸበት ባለታክሲ ግን መኪናው ቆማ፤ የዕለት ገቢው ተቋርጦ፤ መካኒኩ በብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፈለትን ይዞ በችኮላ ይገባል። እኛም ወረቀቱን አንብበን፤ ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርደን፤ ሒሳቡን ተቀብለን እንሸኘዋለን። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዕቃ በእርግጥ የሚያስፈልገው ይሁን አይሁን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለብዙ ዓመታት ከማይጠይቁት አንዱ እንደ ነበረ አስቀድሞ መናገሩ ተገቢ ነው።

ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስለ ቴስታታ። በቡና፤ በቅባት እህል ወይም በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የተሠማሩት የምክር ቤታችን አባሎች ነገሩን እንዲከታተሉት ያህል፤ ቴስታታ ማለት የሞተር ራስ ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ብሎክ የሚባለው አካል ከታች ይገኛል፤ በላዩ ላይ እንደ ድስት ክዳን ተገጥሞ ነዳጁ የሚነድበትን ክፍል የሚዘጋው፤ ቫልቮቹንም የሚሸከመው ቴስታታ ነው። በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ መዝጊያ ይነጠፋል። ይህ ስስ ነገር የማይስማሙ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ይይዛል፤ እነርሱም የሚነደው ጋዝ፤ የማቀዝቀዣው ውሃና የሞተሩ ዘይት ናቸው። (ቴስታታም ጓርኒሲዮንም ካንዴላም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው፤ የጋራዦቻችን የመጀመሪያ መምህራን እነማን እንደ ነበሩ ከዚህ ይታወቃል።)

በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ብሎኩ ከብረት፤ ቴስታታው ግን ከአልሙኒየም የተሠራ ነው። አልሙኒየም በሙቀት ጊዜ ከብረት ይልቅ አብዝቶ ይለጠጣል። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይህ ልዩነት አይጎዳም፤ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ ግን ቴስታታው በብሎን ተወጥሮ ስለ ተያዘ የሚሄድበት ስፍራ አጥቶ ይጣመማል። ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። «መኪናዬ ፈላች» የሚለው ቃል መጨረሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ከፍ አለ። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ባለቤቱ ካሰበው በላይ ብዙ ዘመን እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። ያለ በቂ ምክንያት የተሸጠ አንድ ቴስታታ ገዢውን ያከስራል፤ አገሪቱንም ውድ የሆነ የውጭ ገንዘብ ያስወጣል። ይህን የምለው አስመጪዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ራሴም አስመጪ ነኝና።

ወደዚህ አሳብ ያመጣኝን ታሪክ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት አንድ ባለታክሲ ወደ ሱቄ መጣ። መኪናው ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ላዳ ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ፈልታ ቆማበታለች። መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ ቴስታታው ስለ ተበላሸ ሌላ እንዲገዛ አዝዞታል። ያገለገለ ነገር ግን መልካም የሚመስል ቴስታታ ነበረኝና ከነጓርኒሲዮኑ ሸጥሁለት። ከአርባ ቀን ያህል በኋላ ተመልሶ መጣና «ጋሼ፤ የሰጡኝ ቴስታታ እኮ ደግሞ ፈላ» አለኝ። እኔም «ልጄ፤ ዕቃው ደኅና ነበር፤ የገጠመው ሰው አበላሽቶት ይሆናል» ብዬ መለስሁለት። መካኒኩ ደግሞ በበኩሉ ጥፋቱ የዕቃው ነው ብሎ ኖሯል። በሁለታችን መካከል የቆመው ይህ ሰው የዕቁብ ጓደኞቹን ለምኖ ዕጣውን አስቀድሞ ካወጣ በኋላ ሁለተኛውን ቴስታታ ከእኔው ገዛ።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ ብጣሽ ወረቀት አልያዘም። ከኪሱ አሮጌ የራዲያተር ክዳን አውጥቶ በባንኮኒው ላይ አኖረና «ጋሼ፤ የዚህ ዓይነት አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ። በሌላ ሠፈር የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ሞተሩን ከመፍታታቸው በፊት ክዳኑን አውልቀው አይተው ኖሯል። ጎማው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ስፕሪንጉም ላልቷል። ዋጋውን ነገርሁት፤ ከፍሎም ሄደ። አልተቆጣኝም፤ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ያን ክዳን በነጻ ልስጥህ አለማለቴ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

ይህን ያህል ጥፋት ከአንድ ክዳን እንዴት ሊመጣ ይችላል? የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ በከተማችን ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ በባሕር ዳርቻ እንደሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ባቄላና አተር በደጋ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ባልትና የሚያውቁ ሁሉ ይመሰክራሉ። ደኅና የሆነ ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ በእኛ ከተማ የማቀዝቀዣው ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ እንዳለ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ምንም ሕመም ሳይኖርበት እንኳ ይፈላ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በስፕሪንጉ ኀይል ውሃውን በግፊት ይይዛል። በአሮጌ መኪኖች ዘንድ የተለመደው ግፊት በካሬ ሴንቲሜትር ግማሽ ኪሎ ያህል ሲሆን፤ ይህ መጠን በአዲስ አበባ የውሃውን የመፍያ ልክ ወደ 105 ዲግሪ ግድም ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ እነዚህ አሥራ ሦስት ያህል ዲግሪዎች በሙሉ ይጠፋሉ። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ከላላ ክዳን ጋር ለረጅም ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ግን አይችልም።

እንዲህ ያለውን ነገር የውጭ አገር የጥገና መጽሐፍ አይነግረንም። መጽሐፉ የተጻፈው በቆላና በባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሰዎች ነውና። ሌላም ከዚህ የባሰ ስሕተት በዚሁ ከፍታ ምክንያት ይደረጋል። መካኒኮች ሞተርን ለመመርመር ካንዴላዎቹን አውልቀው በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይገጥማሉ። መጽሐፉ «መለኪያው 12 ያሳይ» ቢል፤ በአዲስ አበባ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ያው ሞተር 9 ያህል ብቻ ያሳያል፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ከመጀመሪያውኑ በሩብ ያህል የሳሳ ነውና። መጽሐፉን እንዳለ የሚከተል መካኒክ ግን «ግፊቱ ወድቋል» ብሎ ሞተሩን ያወርዳል። በዚህ ሁኔታ ስንት ደኅና ቴስታታ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር እንደ ተጣለ እግዚአብሔር ይወቀው። መታየት የሚገባው የአንዱ ሲሊንደር ቁጥር ብቻውን ሳይሆን አራቱ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው። አራቱም 9 ቢሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሁለቱ 9፤ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ደግሞ 4 ቢሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው የጓርኒሲዮን ድልድይ ተቃጥሏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። አንዱ ብቻ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሕመሙ በፒስተኑ ፋሻ ላይ ስለ ሆነ ቴስታታ ቢለወጥ አይፈውሰውም። ቁጥሩ ባለበት ከቀረ ግን ምርመራው ወደ ቫልቮቹና ወደ ጓርኒሲዮኑ ያመራል።

ከዚህ ሌላ የሚታወቁ ምልክቶች አሉ፤ ሁሉም ግን ለስሕተት የተጋለጡ ናቸው። ከጭስ መውጫው ነጭ ጭስ ከታየ ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በአዲስ አበባ ብርድ የማይጨስ መኪና የለም። ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ያላቋረጠ እንደ ሆነ ነው የሚያሳስበው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ መታየቱም እንዲሁ ነው፤ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ የተጠራቀመ ላብ ሊሆን ይችላል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያው ወተት ከታየ ግን ጉዳዩ የማያጠራጥር ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ እንኳ ያታልላል፤ ውሃው ካለቀ በኋላ መለኪያው በእንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር መርፌው ይወርዳል፤ ነጂውም ቀዘቀዘ ብሎ ይነዳል። ከሁሉ ይልቅ የማምነው ምርመራ እጅግ ቀላሉን ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ራዲያተሩ ተከፍቶ እስከ አፉ ይሞላ፤ ሞተሩም ይነሣ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አረፋዎች ምንም አይደሉም። ሳያቋርጥ የሚንፎለፎል አረፋ ከመጣ ግን የሚነደው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የአየር መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ደግሞ ፒስተኑ ከላይ፤ ሁለቱ ቫልቮች ዝግ ሆነው ሳለ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሞልቶ ያዳምጥ። አየሩ በካርቡራቶር በኩል ቢሰማ የመግቢያው ቫልቭ፤ በጭስ መውጫው ቢሰማ የመውጫው ቫልቭ፤ በዘይት መሙያው ቢሰማ ፋሻው፤ በራዲያተሩ አረፋ ቢያወጣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ነው።

እስከዚህ የተናገርሁት የመካኒኩን ሥራ ነው። ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎቹ ልመለስ፤ የእኛ ጥፋት ከዚያ አያንስምና።

ላዳን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ይህች መኪና ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወልዳ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ የተሠራች ናት። በመልክ እናቷን ስለምትመስል የፊያቱ ቴስታታ ይገጥማታል የሚል አሳብ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማል፤ አይገጥምም። በላዳ ላይ ካም ሻፍቱ ከብሎኩ ወጥቶ ወደ ላይ፤ ወደ ቴስታታው ተወስዷል። በላዳዎቹም መካከል ቢሆን ልዩነት አለ። የ2101 እና የ2103 ሞተሮች የሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊሜትር ነው፤ የ21011 እና የ2106 ደግሞ 79 ሚሊሜትር። ሦስት ሚሊሜትር በዓይን አይታይም፤ ሁለቱም ጓርኒሲዮኖች በግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። የ76ቱን ጓርኒሲዮን በ79ኙ ሞተር ላይ ያነጠፈ ሰው ግን ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቅ ስለሚል በእሳት ይበላበታል። ከዚያም «ዕቃው የማይረባ ነው» ይባላል። የ2105 ሞተር ደግሞ ካም ሻፍቱን የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በጎማ ቀበቶ ስለ ሆነ ቴስታታው ራሱ የተለየ ነው። እንግዲህ «የላዳ ቴስታታ አምጣ» ለሚለው ሰው መልሱ ዕቃ ማውረድ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ የየትኛዋ ላዳ? በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ስንት ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሚሸጥ ነጋዴ ዕድሉን እየሞከረ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያገለገለውን ቴስታታ በሚመለከት ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች የመለዋወጫ መደብሮች ያገለገለ ቴስታታ የሚሸጠው በንጽሕናው ነው። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፤ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ ሲያበራ ገዢው ደስ ይለዋል። ንጽሕና ግን ስለ ጤንነት አንዳች አይናገርም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ በቁምም በአግድምም በሰያፍም አጋድሞ፤ ከሥሩ ስስ የቅጠል መለኪያ ማስገባት ያስፈልጋል። 0.05 ሚሊሜትር የሆነው ቅጠል የማይገባ ከሆነ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው። 0.10 የሚገባ ከሆነ በቶርኖ ቤት መላግ ይኖርበታል። መላጉም ቢሆን ልክ አለው። በተላገ ቁጥር የሚነድበት ክፍል ይጠባል፤ ግፊቱም ይጨምራል፤ ሰንሰለቱም ይላላል። ሁለት ባለቤቶች ሁለት ጊዜ ያስላጉትን ቴስታታ ሦስተኛው ገዢ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከእኛ ይገዛል፤ ሞተሩም በዳገት ላይ ሲያንኳኳ ቤንዚኑ መጥፎ ነው ይላል። ስንጥቅ ደግሞ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መካከል የሚገኝና ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ነው። ይህን የሚያጋልጠው የውሃውን ቀዳዳዎች ደፍኖ፤ አየር ሞልቶ በሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ከስንጥቁ አረፋ ይወጣል። ይህን ምርመራ የሚያደርግ የቶርኖ ቤት በከተማችን አይታጣም፤ ወጪውም ከቴስታታው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ከመሸጣችን በፊት ይህን የምናስደርግ ስንቶቻችን ነን?

ስለ አገጣጠሙ ብዙ አልናገርም፤ የመካኒኩ ነውና። ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ ሁለቱም ዕቃውን ወደ ሱቃችን መልሰው የሚያመጡ ናቸውና። አንደኛው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በውስጣቸው ውሃ ወይም ዘይት እንደ ያዙ ብሎን ከታሰረባቸው ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል፤ መለኪያ ያለውም መፍቻ ብሎኑ ጠበቀ ብሎ ያታልላል። ሁለተኛው፤ ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በተራ፤ ያውም በሁለት ወይም በሦስት ዙር መጥበቅ አለባቸው እንጂ እንደ ጎማ ብሎን በጉልበት የሚጠብቁ አይደሉም። ሲፈቱም ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘ ጊዜ መሆን ይገባዋል። በላዳ ላይ ደግሞ ከአሥሩ ታላላቅ ብሎኖች ሌላ አንድ አነስተኛ አሥራ አንደኛ ብሎን በጎን በኩል አለ፤ እርሱን ረስቶ ቴስታታውን በፌሮ የሚፈነቅል ሰው ብዙ ነው። የተሰበረ ጠርዝ ያለው ቴስታታ በሱቃችሁ ካለ ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው።

ማቀዝቀዣውን በሚመለከት ግን እኛ ነጋዴዎች በስም ምክንያት ያሳሳትነው ሕዝብ አለ። በጠርሙስ የምንሸጠውን ባለ ቀለም ፈሳሽ «ፀረ በረዶ» ብለን ስለምንጠራው፤ ገዢው «በአገራችን ውሃ የሚያረጋ በረዶ የለም» ብሎ ከቧንቧ ቀድቶ ይሞላል። ስሙ ያታልላል እንጂ ፈሳሹ ለእኛ የሚጠቅመን በዝገት ላይ ባለው ኀይል ነው። ብረትና አልሙኒየም በአንድ ተራ ውሃ ውስጥ ሲኖሩ አልሙኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። በቴስታታው የውሃ ቀዳዳዎች ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ጓርኒሲዮኑም የሚያርፍበት ደኅና ፊት ያጣል። ፈሳሹ ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ ይህን ይከለክላል፤ የመፍያውንም ልክ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የቴስታታ ገዢ ሁሉ ይህን ከእኛ አፍ ሰምቶ ቢሄድ መልካም ነው፤ በዚህ ላይ ነጋዴውም አይከስርም።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «እኛ ነጋዴዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ገዢው የጠየቀውን መስጠት ነው የእኛ ፈንታ» ይላሉ። አሳባቸው ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነጋዴ ያላየውን ሞተር ሊመረምር አይችልም፤ መካኒኩም ሥራዬን ነጠቁኝ ብሎ ቢቆጣ ይፈረድለታል። ነገር ግን መድኃኒት ሻጭም ሐኪም ሳይሆን የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ ይጠይቃል፤ መጠኑ ያልተለመደ ከሆነም ይመልሳል። ከዚህም በላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው መድን እንደሚሆን ደንግጓል። ስንጥቅ ያለበትን ቴስታታ አጥቦና አሳምሮ የሸጠ ሰው «አላየሁም» በማለት ብቻ ነጻ የሚወጣ አይመስለኝም። ሌሎች ደግሞ «ጥያቄ ያበዛን እንደ ሆነ ገዢው ወደማይጠይቀው ጎረቤት ይሄዳል» ይላሉ። ይህኛው ስጋት እውነተኛ ነው። በእኔ ሱቅም ደርሷል፤ የሞተሩን ቁጥር ስጠይቀው ተቆጥቶ የወጣ ገዢ አለ። ስለዚህ ነው አንድ ሱቅ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ለምክር ቤቱ አባሎች ሁሉ የማቀርበው።

የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ያገለገለ ቴስታታ የምንሸጥ ሁሉ በዕቃው ላይ በሽቦ የታሰረ ካርድ እናድርግበት። በካርዱ ላይ የሞተሩ ዓይነት፤ የፊቱ ጠማማነት በሚሊሜትር፤ ተልጎ እንደ ሆነ ምን ያህል እንደ ተላገ፤ በሙቅ ውሃ የተመረመረበት ቀንና ያደረገው የቶርኖ ቤት ማኅተም ይጻፍ። ያልተመረመረ ከሆነም «አልተመረመረም» ተብሎ ይጻፍና በዚያው ልክ ዋጋው ይቀነስ። ለገዢው ደግሞ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፤ የአራቱ ሲሊንደሮች ግፊት ስንት ነበር? ራዲያተሩ አረፋ አውጥቷል? ክዳኑና ቴርሞስታቱ ታይተዋል? መልስ የሌለው ገዢ ዕቃውን አይከለከል፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹ የተጻፉበትን ወረቀት ይዞ ወደ መካኒኩ እንዲመለስ እንምከረው። አዲስ ቴስታታ የምናስመጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተስማሚ የሆነውን ጓርኒሲዮን በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረን እንሽጥ፤ የ76ና የ79 መምታታት በዚህ ብቻ ሊቀር ይችላል። ካርዱን ለማሳተም የሚወጣው ገንዘብ ያን ያህል አይደለም፤ የሚከብደው «አልተመረመረም» ብሎ በራስ ዕቃ ላይ መጻፉ ነው። እኔ ስጽፈው እጄ ከብዶኛል።

ያን ባለላዳ ከዚያ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ከመኪናይቱ መጀመሪያ የወረደው፤ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ቴስታታ በጋራዡ ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ወድቆ ነበር። በሚገባ ዋጋ ከእርሱ ገዝቼ ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድሁት። በሙቅ ውሃ ሲነከር አንዲት አረፋ እንኳ አላወጣም፤ የፊቱም ጠማማነት 0.12 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ ተልጎ ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ካርድ የታሰረው በእርሱ ላይ ነው፤ ዛሬም በሱቄ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።